የታጠበው ጋቢ

ባለፈው ሳምንት በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ስለ ደም ዓይነቶች ስንማር አንድ የሰፈራችን ጋቢ ትዝ አለኝ። ጊዜው የመስቀል ሰሞን ነበር። በእኛ በሐዲያ ለያሆዴ፣ በከምባታም ለመሳላ በሬ የማይታረድበት ሰፈር የለም፤ ደም የነካው ልብስም ሞልቷል። በዚያ ሌሊት አንድ ሰው ተደብድቦ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ። ጧት «የእገሌ ልጅ ጋቢ ደም አለበት» የሚል ወሬ ተነዛ። ልጁ «ቅርጫ ስንከፋፈል የነካኝ ነው» ቢልም ማን ሰምቶት! እናቱ ደንግጠው ጋቢውን በሳሙና አጠቡት። ነገሩ ባሰ፤ «ንጹሕ ከሆነ ለምን ታጠበ?» ተባለ። የተደበደበው ሰው ነፍስ ዘርቶ «እሱ አይደለም» እስኪል ድረስ ልጁ ታስሮ ቆየ።

እንግዲህ እኒያ እናት ያጠቡት የልጃቸውን ምስክር ነበር። እንዴት ቢሉ፣ መርማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ደም ነው ወይስ ዝገት፣ ቡና ወይም የተክል ወዝ ብሎ ነው። በኬሚስትሪ የምናውቀው ፌኖልፍታሊን ለዚሁ ሥራ ተዘጋጅቶ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲጨመርበት፣ ደም ካለ ሮዝ ይሆናል። ዳሩ ግን እንደ ድንች ያለ ተክል ጭማቂም ሊያሳስት ስለሚችል በዚህ ብቻ አይፈረድም።

ቀጥሎ የሰው ነው ወይስ የከብት? የሚለው ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1901 ጀርመናዊው ፓውል ኡህለንሁት የሰው ደም ከተወጋች ጥንቸል የሚገኘው ሴረም ከሰው ደም ጋር ሲገናኝ እንደሚደፈርስ አሳየ። በዚያው ዓመት በሁለት ልጆች ግድያ የተጠረጠረ ቴስኖ የተባለ አናጢ የልብሱን እድፍ «የእንጨት ቀለም ነው» ብሎ ነበር። ሲመረመር ግን የሰው ደምና የበግ ደም ለየብቻው ተለይቶ ወጣበት። ይኸው ምርመራ ለጎረቤታችን ልጅ ቢደረግለት «የበሬ ነው» ባለለት ነበር።

የማን ሰው ደም እንደሆነ ለመለየት ላንድሽታይነር ያገኛቸው ኤ፣ ቢ እና ኦ የደም ዓይነቶች ያግዛሉ። ዓይነቱ ካልገጠመ «የእሱ አይደለም» ማለት ይቻላል፤ ቢገጥም ግን ያው ዓይነት ያለው ሰው ብዙ ነው። ይህን ክፍተት የሞላው እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክ ጄፍሪስ የደረሰበት የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ዲኤንኤው ያለው በነጭ የደም ሴል ውስጥ ነው፤ ቀዩ ኒውክሊየስ የለውም (እኔ በፈተና ላይ ቀዩ ብዬ ተሳስቻለሁ)። እንግሊዝ አገር ይህ ምርመራ በወንጀል ጉዳይ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ወንጀለኛ መያዝ አልነበረም፤ በምርመራ ላይ አምኖ የነበረን አንድ ወጣት ነጻ ማውጣት ነው። እውነተኛው ገዳይ ኮሊን ፒችፎርክ በ1988 ተፈረደበት።

በእኛም አገር በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 34 ሐኪም በተከሳሽ ላይ የሚያደርገው ምርመራ የደም ምርመራንም እንደሚጨምር ደንግጓል።

አያያዙ ግን ዋናው ነው። ደም የነካውን ልብስ ማጠብም፣ በባዶ እጅ መነካካትም አይገባም፤ በሽታም አለና ጓንት ያስፈልጋል። መርማሪው እድፉን ፎቶግራፍ ያነሣል። እርጥብ ከሆነ ፀሐይና እሳት በማይነካው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያደርቀዋል። ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ከረጢት ያሽጋል። ፌስታል አይሆንም፤ እርጥበቱን ስለሚይዝ ይሻግታል፤ ከሆሳዕና አዲስ አበባ እስኪደርስ ደሙ ሊበላሽ ይችላል። በከረጢቱ ላይ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ያነሣውም ሰው ስም ከነፊርማው ይጻፋል፤ ማን ለማን እንዳስረከበም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጠበቃው ተነሥቶ «ይህ ጋቢ ያው ጋቢ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» ይላል፤ ደግሞም እውነቱን ነው።