ግድግዳ የማያግደው ሞገድ፦ የቤት ዋይፋይ አቆላለፍ

ብርሃን፣ የራዲዮ ሞገድ እና ዋይፋይ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ሁሉም ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገዶች ሲሆኑ የሚለያዩት በድግግሞሻቸው ነው። ይሁን እንጂ የመብራት ብርሃን መጋረጃ ሲጋረድበት ከቤት አይወጣም፤ የዋይፋይ ሞገድ ግን መጋረጃውንም፣ በሩንም፣ የጭቃውንም ግድግዳ አልፎ ጎረቤት ይገባል። ይህ ሞገድ የባንክ ሒሳባችንን፣ ደብዳቤያችንንና ፎቶግራፋችንን ተሸክሞ የሚሄድ ስለሆነ እስከ የት እንደሚደርስና በምን እንደሚቆለፍ ማወቅ ለሁላችንም ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ራውተር የተባለውን፣ የቤታችንን መሣሪያዎች ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ ሣጥን በፊዚክስና በሒሳብ ዓይን እንመለከታለን።

ሞገዱ እስከ የት ይደርሳል?

አብዛኛው የቤት ራውተር በ2.4 ጊጋኸርዝ እና በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። የብርሃንን ፍጥነት ለድግግሞሹ ስናካፍል የመጀመሪያው የሞገድ ርዝመት 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ የሁለተኛው ደግሞ 6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን።

አንድ ራውተር 100 ሚሊዋት ኃይል በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይረጫል እንበል። በ10 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ኃይል የሚሠራጨው 1,257 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የሉል ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 80 ማይክሮዋት ያህል ብቻ ይሆናል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የአንድ ተራ አንቴና የመቀበያ ስፋት ወደ 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ስልካችን የሚቀበለው ከአንድ ማይክሮዋት አንድ አሥረኛውን ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ዛሬ ያሉት ተቀባዮች ከዚህም 10,000 ጊዜ ባነሰ፣ ማለትም በ10 ፒኮዋት ምልክት ሊሠሩ ይችላሉ። ኃይሉ በርቀት ካሬ የሚቀንስ በመሆኑ 10,000 ጊዜ ለመቀነስ ርቀቱ 100 ጊዜ ብቻ ማደግ ይኖርበታል። ይህም ምንም መሰናክል በሌለበት ሜዳ ላይ 1 ኪሎ ሜትር ማለት ነው!

በእርግጥ ግድግዳ አለ። ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት ሞገዱን በእጅጉ ያዳክማል፤ ቆርቆሮም ያንፀባርቀዋል። የኮንዶሚኒየም መለያያ ብሎኬት ግን ለዚህ ሞገድ ያን ያህል ከባድ አይደለም። አንድ ግድግዳ ከኃይሉ ሦስት አራተኛውን ቢወስድ እንኳ በዚያው የርቀት ካሬ ሕግ መሠረት የሚደርስበት ርቀት በግማሽ ብቻ ያጥራል። በተጨማሪም ሰሚው አቅጣጫ ያለው አንቴና ከያዘ ያጣነውን ርቀት መልሶ ያገኘዋል። ሊሰማ የሚፈልግ ሰው ምንም ነገር መላክ እንደማያስፈልገው፣ በዚህም ምክንያት መኖሩን ልናውቅ እንደማንችል ልብ ይሏል። እንግዲህ ሞገዱን በአጥር ማስቀረት ካልተቻለ፣ መቆለፍ ያለበት የተሸከመው መልእክት ነው።

የመጀመሪያው ቁልፍ እንዴት ተሰበረ?

እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው የመጀመሪያው የገመድ አልባ ኔትዎርክ ደረጃ ጋር ዌፕ የተባለ የምስጠራ ዘዴ ቀርቦ ነበር። ዌፕ ከቁልፉ በመነሣት ረጅም የዜሮና የአንድ ሰንሰለት ያመነጭና ከመልእክቱ ጋር ይደምረዋል። ለሁለት መልእክቶች አንድ ዓይነት ሰንሰለት ከዋለ አድማጩ ሁለቱን ምስጢራዊ ጽሑፎች እርስ በርስ ሲያቀናንስ ሰንሰለቱ ይጠፋና የሁለቱ መልእክቶች ልዩነት ይቀርለታል። ይህ እንዳይሆን ለእያንዳንዱ ጥቅል መልእክት 24 ቢት ርዝመት ያለው ተለዋዋጭ ቁጥር ይጨመራል።

24 ቢት ማለት 16,777,216 የተለያዩ ቁጥሮች ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙ ቢመስልም በፕሮባብሊቲ ትምህርት የምናውቀው የልደት ቀን ጥያቄ እዚህ ይመጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ 23 ተማሪዎች ካሉ ሁለቱ በአንድ ቀን የተወለዱ የመሆናቸው ዕድል ከግማሽ ይበልጣል። በዚያው ስሌት ቁጥሮቹ በዘፈቀደ ከተመረጡ 5,000 ያህል ጥቅሎች ከተላኩ በኋላ አንድ ቁጥር የመደገሙ ዕድል ከግማሽ በላይ ይሆናል። ሥራ በበዛበት ኔትዎርክ ይህ የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ከዚህም የባሰ ድክመት እ.ኤ.አ. በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲን እና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ይፋ አደረጉ፤ ቁልፉን ራሱን ከተደመጡት ጥቅሎች ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በጀርመን አገር በዳርምሽታት ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ፈጸሙት።

በመሆኑም ደብሊው ፒ ኤ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ደብሊው ፒ ኤ 2 በ2004፣ ደብሊው ፒ ኤ 3 ደግሞ በ2018 ተተኩ። በራውተራችን የሴኩሪቲ ገጽ ላይ ደብሊው ፒ ኤ 3 ካለ እርሱን፣ መሣሪያዎቻችን አሮጌ ከሆኑ ደግሞ ደብሊው ፒ ኤ 2ን ኤ ኢ ኤስ ከተባለው ምስጠራ ጋር እንምረጥ። ዌፕ ብቻ የሚያውቅ ራውተር ካለ ለሙዚየም ይስማማል።

የስልክ ቁጥር የይለፍ ቃል ይሆናል?

በደብሊው ፒ ኤ 2 የተጠበቀ ኔትዎርክ የሚሰበረው በአብዛኛው ምስጠራው ስለደከመ ሳይሆን የይለፍ ቃሉ ስለሚገመት ነው። ስልካችን ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ አራት አጫጭር መልእክቶችን ይለዋወጣሉ። እነዚህን የሰማ ሰው ወደ ቤቱ ወስዶ፣ ራውተሩን ዳግመኛ ሳይነካ፣ የይለፍ ቃሎችን አንድ በአንድ በኮምፒዩተር መሞከር ይችላል። የደረጃው ነዳፊዎች ይህን ለማዘግየት እያንዳንዱ ግምት 4,096 ጊዜ የተደጋገመ ስሌት እንዲጠይቅ አድርገዋል። ያም ሆኖ አንድ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ግምት ሊሞክር ይችላል።

በአገራችን ብዙ ቤትና ብዙ ካፌ የስልክ ቁጥሩን የይለፍ ቃል ያደርጋል። አሥር አሃዝ ስለሆነ አስተማማኝ ይመስላል። ነገር ግን የሞባይል ቁጥሮቻችን በ09 ወይም በ07 የሚጀምሩ በመሆናቸው በነፃነት የሚለዋወጡት ስምንት አሃዞች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያሉት አማራጮች 200 ሚሊዮን ሲሆኑ ሁሉንም ለመሞከር 200 ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ደቂቃ ተኩል እንኳ የማይሞላ ጊዜ ይበቃል። የቡና ውኃ ሳይፈላ ቁልፉ ተገኘ ማለት ነው።

በአንጻሩ 5,000 ቃላት ካሉት ዝርዝር አራት ቃላትን በዕጣ ብናወጣ አማራጮቹ 625 ትሪሊዮን ይሆናሉ። በዚያው ፍጥነት ሁሉንም ለመሞከር 20 ዓመት ገደማ ይፈጃል። አምስተኛ ቃል ብንጨምር ጊዜው ወደ 100,000 ዓመት ይጠጋል። የራውተሩ ሳጥን የላቲን ፊደል ብቻ ስለሚቀበል የአማርኛ ቃላቱን በላቲን ፊደል መጻፍ ግድ ነው። ከ8 እስከ 63 ምልክት ስለሚፈቅድ ግን ቦታ አይጠብም። እዚህ ላይ ትልቁ ቁም ነገር ዕጣው ነው። ሰው በልቡ «በዘፈቀደ» የሚመርጠው ቃል በዘፈቀደ አይደለም፤ የልጅ ስም፣ የእግር ኳስ ቡድን ወይም የታወቀ ምሳሌያዊ አነጋገር ይሆናል። መዝገበ ቃላት ይዞ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ከባርኔጣ ውስጥ በማውጣት የገጽ ቁጥር መወሰን ርካሽና ትክክለኛ ዘዴ ነው። ለምሳሌ «ማንኪያ ጨረቃ ወንፊት ዝናብ ኮርቻ» ጥሩ ነበር፤ እዚህ ስለታተመ ግን ማንም እንዳይጠቀምበት።

በስሌቱ ውስጥ የኔትዎርኩ ስም ጭምር እንደሚገባ መታወቅ አለበት። ለዚህ ነው ከፋብሪካ የመጣውን የተለመደ ስም መቀየር ጥቅም ያለው፤ ለተለመዱ ስሞች አስቀድሞ የተሰላ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ይቻላልና። ደብሊው ፒ ኤ 3 ደግሞ ግምትን ወደ ቤት ወስዶ መሞከርን ስለከለከለ እያንዳንዱ ግምት ራውተሩን ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል።

የተረሳው ሁለተኛ በር

ራውተር ሁለት የይለፍ ቃል እንዳለው ብዙ ሰው አይገነዘብም። አንደኛው ወደ ዋይፋዩ የሚያስገባው ነው። ሁለተኛው ወደ ራውተሩ ማስተካከያ ገጽ የሚያስገባው ሲሆን፣ ገጹ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በ192.168.1.1 ወይም በ192.168.0.1 አድራሻ ነው፤ ትክክለኛው አድራሻ ከሣጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ የዚህ ገጽ መግቢያ ስምም የይለፍ ቃልም «አድሚን» ነበር፤ ባለቤቱም ሳይነካው ዓመታት ያልፋሉ።

አደጋው ምንድን ነው? ወደዚህ ገጽ የገባ ሰው ዲ ኤን ኤስ የተባለውን፣ የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት ወደ ራሱ ሊያዞር ይችላል። ያን ጊዜ የባንካችንን ስም በትክክል ጽፈን ሌላ ቦታ ልንደርስ እንችላለን። ብሮውዘሩ የምስክር ወረቀት ማስጠንቀቂያ ያሳየን ይሆናል፤ ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ሲመጣ «ቀጥል» የሚለውን መጫን የለመደ እጅ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም 60 ያህል የፋብሪካ መግቢያ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን ብቻ እየሞከረ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ተቆጣጠረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ በተሰነዘረው ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። የጥቃቱ ወታደሮች ባለቤቶቻቸው ምንም የማያውቁባቸው የቤት ዕቃዎች ነበሩ።

ስለዚህ ይህን የይለፍ ቃል ከዋይፋዩ የተለየ አድርገን እንቀይር፤ ገጹ ከውጭ በኢንተርኔት እንዲከፈት የሚያደርገውን ሪሞት ማኔጅመንት እንዝጋ፤ አምራቹ የሚያወጣውን የፈርምዌር ማሻሻያም እንጫን። እ.ኤ.አ. በ2017 ማቲ ቫንሁፍ በደብሊው ፒ ኤ 2 ላይ ያገኘው ክራክ የተባለ ድክመት የተደፈነው በእንዲህ ዓይነቱ የስልክ፣ የኮምፒዩተርና የራውተር ማሻሻያ ነው። ለእንግዳ የሚሆን ጌስት ኔትዎርክ ካለም ጠያቂዎቻችንን በእርሱ ማስተናገድ ይበጃል።

ደብሊው ፒ ኤስ የሚባለውንም አዝራር መዝጋት ይገባል። ስምንት አሃዝ ያለው ይህ ቁጥር መቶ ሚሊዮን አማራጭ ያለው ይመስላል። ሆኖም የመጨረሻው አሃዝ ማረጋገጫ ነው፤ ራውተሩም ቁጥሩን በሁለት ከፍሎ የመጀመሪያውን አራት አሃዝ ለብቻው ትክክል ወይም ስህተት ይላል። በዚህ ምክንያት የሚያስፈልገው ሙከራ 10,000 ሲደመር 1,000፣ በድምሩ 11,000 ብቻ ይሆናል። ይህን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገው ሽቴፋን ፊቦክ ነው። ማባዛት የነበረበት ወደ መደመር መለወጡን ልብ ይሏል።

አንዳንዶች የኔትዎርኩን ስም መደበቅን ወይም የተመዘገቡ መሣሪያዎችን ብቻ በማክ አድራሻ መፍቀድን ይመክራሉ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ከድካም በቀር የሚጨምሩት ጥቂት ነው። የተደበቀውን ስም ስልካችን ራሱ ሲገናኝ ይጠራዋል። የማክ አድራሻም ሳይመሰጠር በአየር ላይ ስለሚሄድ ሰምቶ መቅዳት ቀላል ነው፤ አዳዲስ ስልኮችም በየኔትዎርኩ የተለያየ አድራሻ ስለሚጠቀሙ ክልከላው የሚያስቸግረው ባለቤቱን ነው።

ለልምምድ

የምልክትን ጥንካሬ በዴሲቤል ሚሊዋት የሚያሳይ ፕሮግራም በስልክ ላይ በመጫን ከራውተሩ 1፣ 2፣ 5፣ 10 እና 20 ሜትር ርቀት ላይ እንለካ። በየቦታው ስልኩን በጥቂቱ እያንቀሳቀስን አማካዩን እንውሰድ፤ ከግድግዳ የተንፀባረቁ ሞገዶች በግማሽ የሞገድ ርዝመት፣ በ6 ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንኳ ንባቡን ይለዋውጡታልና። ከዚያም ንባቡን ከርቀቱ ሎጋሪዝም ጋር በግራፍ እናስቀምጥ። ባዶ ሜዳ ላይ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ንባቡ በ20 መቀነስ አለበት። በቤታችን ውስጥ ስንት ቀነሰ? ከደጃፋችን ውጭስ፣ ንባቡ ከአሉታዊ 80 በታች የሚወርደው ስንተኛው ጎረቤት በር ላይ ስንደርስ ነው?