የገላጭ ቦታና ትይዩ መዋቅር በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ፍቺ ላይ ያላቸው ድርሻ

በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ሲሆን፣ የቋንቋ ግድፈታቸው ሲነሣ ትኩረት የሚሰጠው ለቃላት አጻጻፍ፣ ለግስ ጊዜና ለመስተዋድድ ነው። ይሁንና በእነዚህ ሁሉ እንከን የማይወጣለት ዐረፍተ ነገር ጸሐፊው ያላሰበውን ሊናገር ይችላል። ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ መንስኤ ከሚሆኑት ሁለቱን፣ የገላጭን ቦታና ትይዩ መዋቅርን፣ ይመለከታል። መነሻ ሐሳቡም አማርኛ በግስ ምዕላድ የሚያስረውን ዝምድና እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ የሚያስረው በቃላት ቦታና በቅርፅ መመሳሰል መሆኑ ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹ በድምፃቸው በፊደላችን ተጽፈዋል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በቦዝ አንቀጽ ላይ ነው። «ናሙናዎቹን ሰብስበን ውጤቱ ተተነተነ» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ያማረ ባይሆንም አያሳስትም። «ሰብስበን» በሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው «ን» ሰብሳቢዎቹ «እኛ» መሆናችንን ስለምትናገር፣ የማሰሪያ አንቀጹ ባለቤት «ውጤቱ» ቢሆንም አንባቢ አይደናገርም። ይኸው ሐሳብ በቀጥታ ሲመለስ «ሃቪንግ ኮሌክትድ ዘ ሳምፕልስ፣ ዘ ሪዘልትስ ዌር አናላይዝድ» ይሆናል። «ሃቪንግ ኮሌክትድ» ባለቤቱን የሚያመለክት ምንም ምልክት የለውም፤ ባለቤቱ የሚታወቀው ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ከሚመጣው ስም ነው። በሰዋስው ሥርዓት ናሙናዎቹን የሰበሰበው እንግዲህ ውጤቱ ራሱ ሆነ ማለት ነው። መፍትሔው «ዊ» የሚለውን ባለቤት በቦታው ማስገባት ወይም የመጀመሪያውን ሐረግ የራሱ ባለቤት እንዲኖረው አድርጎ እንደገና መጻፍ ነው።

በዚህ ምሳሌ አንባቢው ፈገግ ብሎ ያልፋል እንጂ አይሳሳትም፤ ውጤት ናሙና እንደማይሰበስብ ያውቃልና። ችግሩ የሚከፋው ሁለቱም ንባብ የሚያስኬድ ሲሆን ነው። «ዘ ኢንተርቪውወርስ ሴሌክትድ ማዘርስ ዩዚንግ ሞባይል ፎንስ» የሚል ዐረፍተ ነገር በአንድ የጥናት ስልት ክፍል ውስጥ ቢገኝ ምን ማለት ነው? ጠያቂዎቹ እናቶቹን የመረጡት በስልክ አማካይነት ነው፣ ወይስ የተመረጡት ስልክ የሚጠቀሙ እናቶች ናቸው? አንደኛው የአመራረጥ መሣሪያ ነው፤ ሁለተኛው የመካተቻ መስፈርት። ጥናቱን ሊደግም የተነሣ ተመራማሪ እንደ ንባቡ ሁለት የተለያዩ ናሙናዎችን ይሰበስባል። በአማርኛ «ስልክ ተጠቅመው እናቶችን መረጡ» እና «ስልክ የሚጠቀሙ እናቶችን መረጡ» የሚሉት በቅርፅ ስለሚለያዩ ጸሐፊው ሳያስበው እንኳ ምርጫውን ይፈጽማል። በእንግሊዝኛ ግን ምርጫውን ሆን ብሎ ማድረግ አለበት።

«ኦንሊ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ወገን ነው። አማርኛው «ብቻ» የሚወስነውን ቃል ተከትሎ ይጣበቃል፤ «አርሶ አደሮችን ብቻ በገበያ አነጋገርን» እና «አርሶ አደሮችን በገበያ ብቻ አነጋገርን» አይምታቱም። «ዊ ኦንሊ ኢንተርቪውድ ፋርመርስ አት ዘ ማርኬት» ግን ሁለቱንም፣ በተጨማሪም «ከማነጋገር በቀር ሌላ አላደረግንም» የሚለውን ይይዛል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ከመጠን በላይ ጥብቅ ከሆነ ሕግም ጭምር ነው። ሄንሪ ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገብ «ኦንሊ» ከግሱ በፊት የሚቆምበትን የተለመደ ቦታ ደግፎ፣ ግልጽ የሆነውን ሁሉ ለማረም የሚሯሯጡትን ተችቷል። በንግግር የድምፅ አጽንዖት ፍቺውን ይለያል። በጥናት ጽሑፍ ይህ አጽንዖት ስለሌለ፣ ውስንነት በሚገለጽበት ዐረፍተ ነገር ቃሉን ከሚወስነው አጠገብ ማስቀመጥ ይበጃል።

የዝርዝር መጨረሻ ላይ የሚቆም ገላጭ የአሜሪካን ፍርድ ቤቶች ሳይቀር አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በወሰነው የሎክሃርት ጉዳይ፣ የቀድሞ ጥፋተኝነት ዝቅተኛውን ቅጣት ወደ 10 ዓመት የሚያሳድግበት የሕግ ድንጋጌ ሦስት የወሲብ ወንጀሎችን ዘርዝሮ በመጨረሻ «ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ወይም በጥበቃ ሥር ያለ ሰውን የሚመለከት» የሚል ገላጭ አስከትሏል። የተከሳሹ የቀድሞ ወንጀል የተፈጸመው በአዋቂ ሰው ላይ ነበር። ገላጩ ሦስቱንም የሚገዛ ከሆነ ቅጣቱ አይጨምርም፤ የመጨረሻውን ብቻ ከሆነ ይጨምራል። ፍርድ ቤቱ በ6 ለ2 ድምፅ ገላጩ በቅርቡ ያለውን ብቻ ይገዛል አለ። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ኤሌና ኬገን ተራ ንግግርን ምስክር አድርገው ጠሩ፤ በአዲሱ የስታር ዋርስ ፊልም የተሳተፈ ተዋናይ፣ ዳይሬክተር ወይም ፕሮዲውሰር ማግኘት እፈልጋለሁ ያለ ሰው ማንኛውንም ተዋናይ ፈልጎ ነው የሚል አድማጭ የለም ሲሉ ተከራከሩ። (በእንግሊዝኛው «ኢንቮልቭድ ዊዝ» የሚለው ገላጭ ከመጨረሻው ስም በኋላ እንደሚመጣ፣ አማርኛው ግን ከዝርዝሩ ፊት እንዳወጣው ልብ ይሏል።)

ከ5 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ያው ፍርድ ቤት በፌስቡክና ዱጊድ ክርክር ተቃራኒ መስሎ የሚታይ ውጤት ላይ ደረሰ። ሕጉ የስልክ ቁጥሮችን «የሚያከማች ወይም የሚያመነጭ» መሣሪያን ገልጾ፣ ከነጠላ ሰረዝ በኋላ «የዘፈቀደ ወይም የተከታታይ ቁጥር ማመንጫ በመጠቀም» ይላል። ገላጩ ሁለቱንም ግሶች ይገዛል ተባለ። በሁለቱም ጉዳዮች የፍርድ ቤቱን ውሳኔ የጻፉት ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው። ሁለቱን የሚያስታርቀው የዝርዝሩ አሠራር ይመስላል። በሁለተኛው ጉዳይ ሁለቱ ግሶች አንድ ተሳቢ ተጋርተው በጥብቅ ተያይዘዋል፤ ነጠላ ሰረዙም ገላጩን ከመጨረሻው ግስ ያርቀዋል። ገላጭ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚደርስ የሚወስነው እንግዲህ ርቀት ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያሉት አባላት የተሰናሰሉበት መንገድም ነው።

ይህም ወደ ትይዩ መዋቅር ያደርሰናል። ትይዩ መዋቅር በአጻጻፍ መምሪያዎች እንደ ውበት ጉዳይ ይቀርባል። የሜን ግዛት የወተት አከፋፋይ አሽከርካሪዎች ክርክር ግን ከፍቺ ጋር ያለውን ትስስር ያሳያል። የግዛቱ ሕግ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ነፃ የሚያደርጋቸውን ሥራዎች ሲዘረዝር «ካኒንግ፣ ፕሮሰሲንግ» ብሎ ጀምሮ «ስቶሪንግ፣ ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢውሽን» ሲል ያበቃል። ከ«ኦር» በፊት ነጠላ ሰረዝ የለም። ማከፋፈል ራሱን የቻለ የዝርዝሩ አባል ነው ወይስ «ማሸግ» የሚለው ዓላማ ብቻ? አሽከርካሪዎቹ ያሸጉት ነገር ስላልነበረ ገንዘባቸው በዚህ ላይ ተንጠልጥሏል። ካቀረቧቸው መከራከሪያዎች አንዱ የቅርፅ ነበር፦ ሥራን የሚሰይሙት ቃላት ሁሉ በ«ኢንግ» ሲያበቁ «ዲስትሪቢውሽን» ግን እንደ «ሺፕመንት» ተራ ስም ነው፤ ስለዚህ ወገኑ ከ«ሺፕመንት» ጋር ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕጉን አሻሚ ሆኖ አገኘውና፣ የግዛቱ የደመወዝ ሕግ ለዓላማው እንዲያመች ይተርጎም በሚለው መርሕ ለአሽከርካሪዎቹ ፈረደ። በቀጣዩ ዓመት ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። የግዛቱ ምክር ቤትም ዝርዝሩን በድርብ ሰረዝ ከፋፍሎ «ዲስትሪቢውሽን»ን ወደ «ዲስትሪቢውቲንግ» ለወጠው፤ ማለትም ሥርዓተ ነጥቡንም ትይዩነቱንም አንድ ላይ ጠገነ።

በእኛ ተማሪዎች ጽሑፍ ተመሳሳይ ችግር የሚታየው በዝርዝር ዓላማዎች ላይ ነው። አንዱ ዓላማ በግስ፣ ሁለተኛው በስም፣ ሦስተኛው በሙሉ ዐረፍተ ነገር ሲጻፍ አንባቢው ሦስተኛው ራሱን የቻለ ዓላማ ይሁን የሁለተኛው ማብራሪያ ሊለይ አይችልም። ፈታኙ «ሦስተኛው ዓላማ የት ተመለሰ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚነሣው ክርክር መነሻው ይኸው ሊሆን ይችላል።

አማርኛም ከአሻሚነት ነፃ አይደለም፤ አሻሚነቱ የሚገባው በግራ በኩል ነው እንጂ። «ልምድ ያላቸው መምህራንና ርእሳነ መምህራን» ስንል ልምድ የተጠየቀው ከሁለቱም ነው ወይስ ከመምህራኑ ብቻ? ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ «ኤክስፒሪየንስድ ቲቸርስ ኤንድ ፕሪንሲፓልስ» ካልን አሻሚነቱ እንዳለ ይሻገራል። «ቲቸርስ ኤንድ ፕሪንሲፓልስ ዊዝ ኤክስፒሪየንስ» ካልን ግን ጥርጣሬው ከመምህራኑ ጋር እንጂ ከርእሳነ መምህራኑ ጋር አይሆንም፤ ተርጓሚው ሳያውቀው የጥርጣሬውን አቅጣጫ ገልብጦታል። በሕግ ረገድ ለዚህ መውጫ ተበጅቷል፦ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3 መሠረትም ሁለቱ ሲለያዩ የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው። በአማርኛ ተሞልቶ በእንግሊዝኛ የሚዘገብ መጠይቅ እንዲህ ያለ ድንጋጌ የለውም። የመጠይቁ የአማርኛ ቅጂ በአባሪ ካልተያያዘ በቀር የውጭ አንባቢ የሚመዝነው እንግሊዝኛውን ብቻ ነው።