ንቀት ሕግ ሲሆን



ንቀት በልብ ተሰውሮ የሚቀር ኃጢአት አይደለም፤ ውሎ አድሮ ሕግ ይሆናል። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 3ኛ እ.ኤ.አ. በ1537 የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነፃነታቸውንና ንብረታቸውን ሊነጠቁ እንደማይገባ ደንግገው ነበር። ሆኖም «ያልሠለጠኑ ናቸው» የሚለው አስተሳሰብ በረታ። በካናዳ ከ150,000 የማያንሱ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለይተው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዲኖሩ ተደረገ፤ ከትምህርት ቤቶቹ ብዙዎቹን ያስተዳድሩ የነበሩት ካቶሊካውያን ነበሩ። የተናቀን ሕዝብ ድምፅ መንፈግም አይከብድምና፥ አብዛኞቹ የነባርነት ሕጋዊ መብታቸውን ሳይተዉ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ የቻሉት በ1960 ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2022 ወደዚያው ተጉዘው ይቅርታ ጠየቁ።

እኛስ? ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ቆዳ ፋቂውን በስም የምናዋርድ ከሆነ፥ ስለ መሬትና ስለ ሹመት ስንመክር ያው ንቀት አብሮን ይቀመጣል። ስለዚህ መምህራን በየጉባኤያችሁ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ፦ በማዕዳችን የማናስቀምጠው ማን ነው? በሸንጎ ሲናገር የማናዳምጠውስ ማን ነው? የሁለቱ መልስ አንድ ከሆነ፥ ንስሐችን ከዚያ ይጀምር። በአርአያ እግዚአብሔር የተፈጠረውን የሚንቅ ፈጣሪውን ይንቃልና።