በረካው ከተጠጣ በኋላ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ዘመድ «ለሁለት ቀን» ብሎ ይመጣና ወር ይከርማል። ለወሎ ሰው ደግሞ እንግዳን ሂድ ማለት ነውር ነው። ምን ይሻላል?

አዛውንቱ፦ ነውሩ አባባሉ ላይ ነው እንጂ ልጄ፣ መሸኘቱ ላይ አይደለም። ወጋችን ለመስተንግዶ መጨረሻ አብጅቶለታል። ቡናውን ተመልከት፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ይቆጠራል፣ ይመረቃል፣ አሚን ይባላል፣ ሰው ወደ ጉዳዩ ይነሳል። ሃይማኖቱም እንዲሁ ነው። በሐዲስ መስተንግዶ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ የተረፈው ሰደቃ ነው፣ እንግዳውም ባለቤቱን እስኪያስጨንቅ መቆየት አይፈቀድለትም። በሱረቱል አሕዛብ 53ኛው አንቀጽ፣ በነቢዩ ቤት በልተው በጨዋታ የሚቆዩ ሰዎች እንዲነሡ ታዘዋል፤ ነቢዩ ይህን ለመናገር ያፍሩ እንደነበርም እዚያው ተነግሯል። ምሳሌ 25፥17 ደግሞ ወደ ባልንጀራ ቤት እግር ማብዛት ጥላቻን እንደሚወልድ ያስጠነቅቃል። ወሎ ሁለቱንም መጻሕፍት በአንድ ግቢ የሚሰማ አገር ነው፤ በይሉኝታ ዝም የሚል ሰው የትኛውንም አልጠበቀም።

ወጣቱ፦ ዝም ማለት ግን ማንን ይጎዳል?

አዛውንቱ፦ መጀመሪያ ሴቲቱን ይጎዳል። ቸርነቱ የሚወራው በአባወራው ስም ነው፤ እንጀራውን የምትጋግረው፣ አልጋዋን ለቅቃ መሬት የምትተኛው ግን እሷ ናት፣ እሷን የጠየቀ የለም። ቀጥሎ እንግዳውን ይጎዳል። አፉን የዘጋ ሰው ፊቱ መናገሩ አይቀርም፤ ዕቃ ያንኳኳል፣ ልጅ ይቆጣል፣ በአሽሙር ይወጋል፣ በመጨረሻም ለጎረቤት ያማል። ውሸትም አያዋጣም። ደሴና ኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፣ ሰዉም በሐረጎ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ የፈጠርከው ለቅሶ በማግስቱ ይታወቅብሃል።

ወጣቱ፦ ታዲያ እንዴት ይነገራል?

አዛውንቱ፦ በመጣበት ማታ አትጠይቀው፤ ይብላ፣ ይረፍ። በማግስቱ ጉዳዩን አንሣለት። የመጣው ደሴ ላለ ሆስፒታል ወይም ፍርድ ቤት ከሆነ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ይነግርሃል፤ ቀኑ በራሱ አፍ ተቆረጠ ማለት ነው። ቀኑ ካለፈ ቡና አስፈላ፣ ምርቃቱ ሲያልቅ እውነተኛ ምክንያትህን ንገረው፦ «ከሰኞ ጀምሮ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ ቀን መተኛት አለብኝ። እሑድ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ እሸኝሃለሁ።» ስንቅ ቋጥርለት፣ ከቻልክ መሳፈሪያውን ክፈልለት። ሲመሽ ግን እንዳትናገር፤ የመሸበት ሰው ማደሪያ ይሰጠዋል እንጂ አይሸኝም።

ወጣቱ፦ መሄጃ የሌለውስ? በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ሦስት ቀን ተብሎ ቢቆጠር ስንቱ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር!

አዛውንቱ፦ ልክ ብለሃል፤ የሦስት ቀኑ ነገር እሱን አይመለከትም። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለውን ሕዝብ ደሴ ተቀብላ ነበር፤ በጥቅምት 2014 ደግሞ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ራሱ ሸሽቶ የሰው ደጅ ጠና። የተሰደደን ሰው ከሰነበተ ዘመድ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ግፍ ነው። ሸክሙ ከከበደህ ለሰፈሩ ቅሬ፣ ለዕድሩ ማለቴ ነው፣ ንገር፤ አንዱ እህል፣ አንዱ ማደሪያ፣ አንዱ ልብስ ያዋጣል። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ቤቱ በሰነበተ ዘመድ የተማረረ ሰው እውነተኛው ችግረኛ ሲያንኳኳ በሩን መዝጋቱ ነው።

ወጣቱ፦ ዘመዴ ቢቀየመኝስ?

አዛውንቱ፦ ይቀየም ይሆናል። አትከራከረው። እንደገባ ደውለህ በሰላም መድረሱን ጠይቅ፤ በዓል ሲመጣ እሱን ሳትጠብቅ ቀድመህ ቤቱ ሂድ።