በአንዲት ግብ ስለሚያልቀው የኔትቦል ዓለም ዋንጫ

የኔትቦል ዓለም ዋንጫን ውጤቶች ተራ በተራ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል። የመጀመሪያው ውድድር በ1963 በእንግሊዟ ኢስትቦርን ከተማ ሲካሄድ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውስትራሊያ ኒውዚላንድን 37 ለ 36 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በ1991 ሲድኒ ላይ 53 ለ 52፣ በ1999 ክራይስትቸርች ላይ 42 ለ 41፣ በ2011 ሲንጋፖር ላይ በተጨማሪ ሰዓት 58 ለ 57፤ አሁንም አሸናፊዋ አውስትራሊያ፣ ተሸናፊዋ ኒውዚላንድ። በ2019 ሊቨርፑል ላይ ግን ኒውዚላንድ 52 ለ 51 ብድሯን መለሰች። ሃምሳ ግብ በሚቆጠርበት ጨዋታ ልዩነቱ ስለምን አንድ ብቻ ይሆናል? መልሱ ያለው በሕጉ ውስጥ ነውና ሕጉን ቀስ ብለን እንየው።

ኔትቦል በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከቅርጫት ኳስ የወጣ፣ በእንግሊዝ የሴቶች ትምህርት ቤቶች ያደገ ጨዋታ ነው። በእንግሊዝ ግዛቶች ሁሉ ተሠራጨ፤ በ1960 ኮሎምቦ ላይ የተሰበሰቡ አገሮችም የጋራ ሕግ አወጡለት። ከእናቱ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የለም። ኳስ የያዘች ተጫዋች በሦስት ሰከንድ ውስጥ መልቀቅ አለባት። ቀለበቱም 3.05 ሜትር ከፍታ ባለው ምሰሶ ጫፍ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ ኳሱን አንጥሮ የሚመልስ ሰሌዳ ከኋላው የለውም። ስለዚህ ኳሱ፣ ግንበኞች ጡብ እንደሚቀባበሉት፣ ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ይጓዛል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ሜዳው 30.5 ሜትር ርዝመት አለው፤ በሦስት እኩል ክፍል ይከፈላል። በየቡድኑ ሰባት ተጫዋቾች አሉ፤ የእያንዳንዷ ቦታ በደረቷና በጀርባዋ ላይ በፊደል ይጻፋል። ‹ጂኤስ› የሚል የለበሰችው ግብ አግቢ ከማጥቂያው ክፍል አትወጣም። ‹ጂኬ› የለበሰችው ግብ ጠባቂ ደግሞ ከመከላከያው ክፍል አትወጣም። መሐል ያለችው ‹ሲ› ሜዳውን ታካልላለች፤ ግን ሁለቱ የግብ ክበቦች ውስጥ እግሯን አታስገባም። ከሰባቱ ግብ ማስቆጠር የተፈቀደላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከክበቡ ውስጥ ብቻ። ተከላካይዋ ከኳስ ወርዋሪዋ 90 ሳንቲ ሜትር ርቃ መቆም ግዴታዋ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር ጎበዝ ግብ አግቢ ከክበቡ ውስጥ እምብዛም አትስትም። ጃማይካዊቷ ጃኒየል ፋውለር ቁመቷ 1.98 ሜትር ነው፤ ኳሱ ከፍ ብሎ እጇ ከገባ ተከላካይ የሚቀራት ነገር ጥቂት ነው። አሁን አንድ ሕግ ጨምሩበት፤ ከግብ በኋላ ኳሱን ከመሐል የሚያስጀምሩት ቡድኖች፣ ያገባው ማንም ይሁን ማን፣ ይፈራረቃሉ። አንዱ ቡድን ያገባል፤ ሌላው ያገባል። በዚህ አካሄድ ብቻ ማንም ማንንም አያሸንፍም። አሸናፊውን የሚለየው የተሰረቀ ኳስ ነው። አራት ባለ 15 ደቂቃ ሩቦች ሙሉ እኩል ሲፈራረቁ የነበሩ ቡድኖች፣ አንዷ ተከላካይ ጣቷን ዘርግታ በነካችው አንድ ኳስ ይለያያሉ። ስለዚህ እላለሁ፤ ጨዋታውን ስታዩ ዓይናችሁን ግብ አግቢዋ ላይ አታሳርፉ፤ ተከላካዮቹን ተከተሉ።

የውድድሩ አካሄድም የራሱ ሥሌት አለው። በ2023 ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጥቶ ኬፕታውን ላይ ሲካሄድ 16 አገሮች በአራት ምድብ ተከፈሉ። ከየምድቡ ሦስቱ አልፈው ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ምድብ ተደለደሉ፤ አብረዋቸው ካለፉት ጋር ቀድሞ ያስመዘገቡትን ውጤት ግን ይዘው ነው የሄዱት። አስተናጋጇ ደቡብ አፍሪካን የጎዳት ይህ ነው። በመጀመሪያው ዙር በጃማይካ ተሸንፋ ነበርና፣ በሁለተኛው ዙር ከኒውዚላንድ ጋር 48 ለ 48 ብትወጣም ግማሽ ፍጻሜ አልደረሰችም። ለሕዝቡ የመረረ ነበር፤ በአፓርታይድ ምክንያት ከዓለም ዋንጫው ለዓመታት ታግዳ፣ በ1995 እንደተመለሰች ሁለተኛ የወጣች አገር ናትና።

እንግሊዝ በምድቡ አውስትራሊያን 56 ለ 55 ረታች። በዚያው ሳምንት በፍጻሜው ሲገናኙ ግን አውስትራሊያ 61 ለ 45 ገነነች፤ የአውስትራሊያ ተከላካዮች በዚያ ቀን የነጠቁት ኳስ በዝቶ ነበር።

እኔን በጣም ደስ ያሰኘኝ ከዚያ ዝቅ ያለው ሰንጠረዥ ነው። ኡጋንዳ አምስተኛ፣ ደቡብ አፍሪካ ስድስተኛ፣ ማላዊ ሰባተኛ። ማላዊ ከዚያ በፊትም በ2018ቱ የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ኒውዚላንድን 57 ለ 53 አሸንፋለች። የገንዘብ አቅማቸው ከአውስትራሊያ ጋር ከቶ የማይነጻጸር አገሮች ናቸው፤ ሆኖም ኳስ መስረቅን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቀጣዩ ዋንጫ በ2027 ሲድኒ ላይ ነው።