ስለ መጨረሻ ዘመን እንክብካቤ አገልግሎት ስምና ምልክት አወጣጥ

የንግድ ስምና ምልክት ነጋዴው በሌለበት ስፍራ ስለ ነጋዴው የሚናገር ምስክር ነው። የቡና ወይም የጨርቅ ነጋዴ ምልክቱ ባያምር ገበያው ይቀዘቅዝበት ይሆናል እንጂ የገዢውን ልብ አያቆስልም። ዛሬ የምንመለከተው አገልግሎት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ይኸውም ሰው በጤናው ሳለ፣ ኋላ ሕመም ጸንቶበት መናገር ቢሳነው ማን እንዲወስንለት፣ የትኛው ሕክምና እንዲደረግለት ወይም እንዲቀርለት፣ በቤቱ ወይስ በሆስፒታል መታከም እንደሚወድ አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያኖር የሚረዳው አገልግሎት ነው። የዚህ አገልግሎት ስም የሚያስፈራ ከሆነ ደንበኛው ከደጅ ይመለሳል፤ ሊናገረው የሚገባውንም ሳይናገር ይቀራል። ኋላም ልጆቹ በአልጋው ራስጌ ቆመው ይከራከራሉ። ሟቹ ነጋዴ ከሆነና የዱቤውን ሒሳብ እርሱ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ፣ ሱቁም አብሮት ይዘጋል።

ሌሎች አገሮች ይህን ሥራ እንዴት እንደ ያዙት ብንመረምር ሦስት ትምህርት እናገኛለን።

አንደኛው ስለ ስም ነው። ሐኪሟ ሲስሊ ሶንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ለማይድኑ በሽተኞች ማረፊያ ስትከፍት «ቅዱስ ክሪስቶፎር» ብላ ሰየመችው። ይህ ቅዱስ በምዕራባውያን ክርስቲያኖች ዘንድ የመንገደኞች ጠባቂ ነው። ስሙ በሽተኛውን ሟች ሳይሆን መንገደኛ አለው፤ ቢሆንም መንገድ መድረሻ አለውና ሞትን አልካደም። መልካም ስም አያስፈራም፤ እውነቱንም አይሸሽግም።

ሁለተኛው ስለ አነጋገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የሚሠራበት «አምስት ምኞቶች» የሚባል ቅጽ አለ። በአብዛኞቹ ግዛቶች በሕግ የሚጸና ሰነድ ሲሆን የሕግ ስም አልወጣለትም። የሚጠይቀውም ማን እንዲወስንለት፣ ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚፈልግ፣ ሥቃዩ እንዴት እንዲቀልለት፣ ሰዎች እንዴት እንዲይዙት፣ ለወዳጆቹም ምን እንዲታወቅለት ነው። ሰው ስለ ሞቱ ተጠይቆ ዝም ይላል፤ ስለ ምኞቱ ሲጠየቅ ግን ይናገራል።

ሦስተኛው ስለ ሥዕል ነው። በብሪታንያ በማሪ ኩሪ ስም የሚጠራው የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ብርዱ ሲያልፍ የምታብብ ቢጫ አበባ መለያው አድርጓል። እኛም የአደይ አበባን ምሥጢር ስለምናውቅ ይህ አይጠፋን። ሬሳ ሣጥንና የኀዘን ጥቁር ቀለም ግን ለዚህ ሥራ አይስማሙም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ እድር በሕዝብ ዘንድ የተወደደው ጎረቤት ለጎረቤት የሚቆምበት ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ሥራው ከሞት በኋላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚደነግገው ኑዛዜም በተለይ ስለ ውርስ ነው። በሕይወት ሳሉ ስለሚደረግ እንክብካቤ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቢሆንም «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ያስተምረናል፤ በግዕዝ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ነውና። ስም አውጪው ከሩቅ ሳይሄድ ማጽናናትን ከገዛ ቋንቋው ያገኛል። ደግሞም በአገራችን ክፉ የሕመም ወሬ ከበሽተኛው ይልቅ ለቤተ ሰቡ የመንገር ልማድ ስላለ፣ ማስታወቂያው «ለእርስዎና ለቤተ ሰብዎ» ቢል ይበጃል። «ሳይቀደሙ ይቅደሙ» እያሉ ማስደንገጥ ግን በፍርሃት መነገድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ምልክቱን የሚያጸናው ምግባር ነው። ዋጋው በግልጽ ይጻፍ፤ ደንበኛው ሐሳቡን ቢለውጥ ሰነዱ ያለ ክርክር ይታረም፤ ምሥጢሩም ይጠበቅ። በደጅ የሚቀበለው ሠራተኛ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥና እስኪጨርሱ የሚያዳምጥ ይሁን፤ ይህ ከጎደለ የተዋበው ሰሌዳ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ስለዚህ ሰሌዳው ከመጻፉ በፊት፣ የታሰበውን ስም በቤቱ በሽተኛ ላስታመመ ሰው ድምፅ ከፍ አድርጎ ማንበብ ይገባል። ሰውየው ፊቱን ካዞረ ስሙ ይለወጥ፤ «ይህ ነገር ያን ጊዜ በነበረ» ካለ ግን ስሙ ተገኝቷል።