የመጠባበቅ ሰዓት፦ በሊባኖስ የኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ጊዜ
የስደተኛ የቤት ሠራተኞች የሥራ ሰዓት ሲጠና በአብዛኛው የሚነሣው ጥያቄ «በቀን ስንት ሰዓት ይሠራሉ?» የሚል ነው። ይህ ብቻውን በቂ አይደለም። በሊባኖስ በአሠሪዋ ቤት የምትኖር ኢትዮጵያዊት ዕቃ አጥባ፣ ልብስ ተኩሳ ስትጨርስ ቀኗ አያበቃም፤ እንግዳ ቢመጣ ቡና ታፈላለች፣ ሕፃን ቢያለቅስ ትነሣለች። ማንም ባይጠራትም ጥሪ ትጠባበቃለች። እጇ ቢያርፍም ጊዜዋ የራሷ አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል። በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል የ24 ሰዓት ሳምንታዊ ዕረፍት ቢደነግግም፣ አጠቃቀሙን ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ትቶታል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ለሆነ ሠራተኛ ግን መስማማትን ከመታዘዝ መለየት አዳጋች ነው። ከቤት እንድትወጣ ካልተፈቀደላት የዕረፍት ቀኗም ተመልሶ መጠባበቅ ይሆናል።

በአንጻሩ በ2011 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 189፣ በአንቀጽ 10፣ ሠራተኛዋ በጊዜዋ ማዘዝ ሳትችል ለጥሪ ዝግጁ ሆና የምትቆይበት ጊዜ የአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠር ይደነግጋል። የስምምነቱ ፋይዳ እዚህ ላይ ነው፤ መለኪያውን ከእጅ ሥራ ወደ ጊዜ ባለቤትነት ያሸጋግራል።

ስለሆነም የመስክ ጥናት ሠራተኛዋ የሠራችበትን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ራሷ ያዘዘችበትን ሰዓትም መጠየቅ ይኖርበታል። ሁለተኛው ካልተጠየቀ መጠባበቅ በዕረፍት ስም ይመዘገባል።